ፓስታ ተሸክመን ወደ ገብስ አገር፦ መንዝን በምላስ መጎብኘት ይቻላል?

ወደ ጓሳ ለሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ምክር አለ፦ ምግብህን ይዘህ ሂድ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲወጣ መኪናው ላይ ፓስታ ይጫናል፣ ሩዝ ይጫናል፣ የቆርቆሮ ቱና ይጫናል፣ የታሸገ ውሃ በደርዘን ይጫናል። ደብረ ብርሃን ይታለፋል። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ተገንጥሎ ወደ መንዝ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ ገብስ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ደግሞ ገብስ። ማታ ደርሶ ብርድ ልብስ ውስጥ ከተገባ በኋላ ምን ይበላል? ከአዲስ አበባ የመጣው ፓስታ።

እኛ ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመናል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት ያን ያህል መንገድ የሄደ ሰው፣ እዚያው አጠገቡ ያለውን በሶ ሳይቀምስ፣ የትኛው ገብስ ለጠላ የትኛው ለቆሎ እንደሚሆን ሳይሰማ ይመለሳል። ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ ጣዕም ግን አይዞም። ገንዘቡም ቢሆን አብዛኛው አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቀርቷል።

በሌላው ዓለም ግን በተቃራኒው ነው። ሰዎች ለመቅመስ ብቻ አገር አቋርጠው ይሄዳሉ። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው፤ የቅምሻ ጉብኝት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ላይ ቢሞከር ምን እንደሚመስል፣ እና ዋናው ጥያቄ፦ ገንዘቡ የማን እጅ ይገባል?

*ቅምሻ እንዴት ይሸጣል?*

ኔፕልስን፣ ባርሴሎናን ወይም አቴንስን አስቡ። ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ባሉ በነዚህ ከተሞች አንድ ጎብኚ ገንዘብ ይከፍልና ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ አስጎብኚ ይከተላል። ሦስት አራት ሰዓት በእግር ይዞራሉ። አንዱ ቤት ገብተው አይብ ይቀምሳሉ፣ ሌላው ቤት ዘይት በዳቦ፣ ሌላው ቤት አንድ ሁለት ጉንጭ ወይን። በየቦታው ትንሽ ትንሽ ነው፤ ማንም አንድ ቦታ ላይ አይጠግብም። መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ጠግቦ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ያንን አይብም ሆነ ያንን ወይን ጎብኚው ብቻውን ሄዶ በርካሽ መግዛት ይችል ነበር። ታዲያ ለምን ይከፍላል? ለሦስት ነገር ነው የሚከፍለው።

የመጀመሪያው በር ነው። ብቻውን ቢሆን የማይደፍረው ቤት ውስጥ ይገባል፤ ሠሪውን ያገኛል። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ቀለል ያለው በፊት፣ ጠንከር ያለው በኋላ ይቀርባል፤ ምላሱ ልዩነቱን እንዲይዝ። ሦስተኛው ታሪክ ነው። ይሄ ወይን ከየትኛው ዳገት መጣ፣ ለምን ይጎመዝዛል፣ አያቶቻቸው መቼ ነበር የሚጠጡት? ሰው አንድን ነገር እያወቀ ሲቀምሰው ሌላ ነገር ይሆንበታል።

የወይን ቅምሻም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ቀለሙ ይታያል። ከዚያ ብርጭቆው ዞር ዞር ይደረግና ይሸተታል። ከዚያ ትንሽ ተጎንጭቶ አፍ ውስጥ ይቆያል። መትፋትም ይቻላል፤ ነውር አይደለም። ዓላማው መስከር ሳይሆን ማወቅ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጎ አዲስ ቱርስ ያሉ ድርጅቶች እንግዶችን ከቤት ቤት እያዞሩ በያይነቱ፣ ክትፎ፣ ማኪያቶ ሲያስቀምሱ ቆይተዋል። ባቱ (ዝዋይ) ላይ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ወይን ተክሎ «ሪፍት ቫሊ» የሚለውን ወይን ያመርታል። ስለዚህ ሐሳቡ አለ። ያልሄደው ወደ ደጋው ነው።

*መንዝ ምን አላት?*

አጭሩ መልስ፦ ገብስ።

ረጅሙ መልስ ደግሞ እንዲህ ነው። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ወገሬ፣ ዘመሮ፣ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ ግሼ ራቤል፤ ይህ አገር ከፍ ያለ ነው። የጓሳ ሜዳ ራሱ ከ3,200 ሜትር ተነስቶ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ማታ ማታ ውርጭ ይወርዳል። እዚያ ከፍታ ላይ ጤፍ አይሆንም። ገብስ ግን ይችለዋል። ለዚህም ነው ደገኛው ገብስን የእህል ንጉሥ የሚለው።

ይህ ንጉሥ ደግሞ አንድ ልብስ ብቻ አይደለም ያለው። ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል። ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ በውሃና በጨው ከተበጠበጠ የመንገደኛ ምሳ ነው፣ በማር ከሆነ የእንግዳ ነው፣ በቅቤና በበርበሬ ከታሸ ደግሞ የበዓል። ተከክቶ ቅንጬ ይሆናል። ዱቄቱ ገንፎ ይሆናል፤ አራስ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ተቦክቶ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቂጣ ይሆናል። በቅሎ ብቅል ሆኖ፣ ተቆልቶ አሻሮ ሆኖ ጠላ ውስጥ ይገባል። ከጠላው ድፍድፍ ደግሞ አረቄ ይወጣል።

እስቲ ይህንን እንደ ጎብኚ አስቡት። አንድ እህል፣ በአንድ ቀን፣ በሰባት ስምንት መልክ። የወይን አገር ሰዎች «አንድ ወይን፣ ብዙ ጣዕም» እያሉ የሚሸጡት ነገር እኮ ይኸው ነው።

ገበሬው ዘንድ ደግሞ ገብስ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቁር ገብስ አለ፣ ነጭ ገብስ አለ፣ ቶሎ የሚደርስ አለ፣ ቅርፊቱ በቀላሉ የሚለቅ የቆሎ ገብስ አለ። የበልጉ ሌላ፣ የመኸሩ ሌላ ነው። እናቶች ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው ይሄ ለበሶ ነው፣ ይሄ ለጠላ ነው ብለው ይለዩታል።

ይህ እውቀት የቤት ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰብስቧል፤ ያስደነቀውም የእህላችን የዓይነት ብዛት ነው። በኋላም አሜሪካ ውስጥ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያስቸግር መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ዘር ከዓመት ዓመት እየለየ ያቆየው ላቦራቶሪ አልነበረም። ገበሬና ባለቤቱ ነበሩ፤ እየዘሩ፣ እየጠመቁ፣ እየቀመሱ።

አሁን ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ደብረ ብርሃን የቢራ ከተማ ሆናለች። ሐበሻ ቢራ እዚያ ነው፣ ዳሸንም ፋብሪካ አለው፣ ቦርትማልት የተባለው የብቅል ፋብሪካም እዚያው ነው። ይህ ለገበሬው ገበያ ነው፤ አንቃወምም። ፋብሪካ የሚፈልገው ግን አንድ ዓይነት፣ እኩል የሚበቅል፣ እኩል የሚጠመቅ የቢራ ገብስ ነው። ጥቁሯን ገብስ ማን ይግዛት? ገዢ የሌለው ዘር ደግሞ ቀስ እያለ ከማሳ ይወጣል። አዲስ አበባ የሚገኘው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ዘር በማቀዝቀዣ ያስቀምጣል። ማቀዝቀዣ ዘሩን ያቆያል፣ አጠማመቁን ግን አያቆይም።

ቅምሻ ወሳኝ የሚሆነውም እዚህ ጋ ነው። ሰው መጥቶ «የጥቁር ገብሱን ጠላ ልቅመስ» ካለ፣ ያቺ ገብስ ዋጋ አገኘች ማለት ነው።

*ጠላ እንደ ወይን ይቀመሳል እንዴ?*

አዎ፣ ይቀመሳል። አጠማመቁን ባጭሩ እንየው፤ ከቤት ቤት ስለሚለያይ የእናንተ እናት ሌላ ብትል አትገረሙ።

መጀመሪያ ጋኑ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ያ ጭስ ጠላው ውስጥ እስከመጨረሻው ይቆያል። ከዚያ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተነክሮ ጥንስሱ ይጣላል። ቀናት ቆይቶ ብቅል ይገባል፣ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባል፣ የተቆላው ዱቄት ይጨመራል፤ ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። ተከድኖ ይቆያል። መጨረሻ ላይ ውሃ ተጨምሮ ይበጠበጣል፣ ሲጠል ይቀዳል።

ሳይጠል ከተቀዳ ጉሽ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ጣፈጥ የሚል፣ የሚያጠግብ። ጠልሎ ሲቀዳ ንጹሕ ጠላ ነው። ዋናው ካለቀ በኋላ እንደገና ውሃ ተደርጎበት የሚወጣው ደግሞ ቅራሪ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ጥም የሚቆርጥ። ጌሾና አልኮል ለማይፈልግ ሰው ቀሪቦ አለ፤ ብቅሉን እንጂ ስካሩን አይሰጥም።

እንግዲህ ሦስት ብርጭቆ አስቡ፤ ቅራሪ፣ ጠላ፣ ጉሽ። ቀለማቸው ይለያያል፤ አሻሮው ጠቆር ብሎ ከተቆላ ጠላው ይጠቁራል። ሽታቸው ይለያያል፤ የወይራው ጭስ አለ፣ የብቅሉ ጣፋጭነት አለ። አፍ ውስጥ ደግሞ የጌሾው ምሬት ምላስ ጥግ ላይ ይቀራል። ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ስትሄዱ ልዩነቱን ራሳችሁ ትይዙታላችሁ። ባለሙያ መሆን አይጠይቅም፤ የሚያሳያችሁ ሰው ብቻ ነው የሚጠይቀው።

«የቤት መጠጥ ማን ይከፍልበታል?» የሚል ካለ ጆርጂያን ይይ። እዚያ ገበሬዎች ወይናቸውን የሚጥሉት መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ክቬቭሪ ይሉታል። የድሮ የአያት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ ይህንን ዘዴ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ዛሬ ሰው የዓለም ዳር ድረስ ሄዶ በየገበሬው ቤት ያንን ጋን ያያል፣ ከዚያው ይቀምሳል። የኔፕልስ ፒዛ ጋጋሪዎች ሙያም በ2017 እንዲሁ ተመዝግቧል። እነሱ ያስመዘገቡት ፒዛውን አይደለም፣ የጋጋሪውን እጅ ነው። እኛም ጋን አለን፣ እጅም አለን።

*አንድ ቀን በመንዝ፦ በሐሳብ*

ይህ አሁን ያለ ጉብኝት አይደለም፤ ቢኖር ብለን ያቀናጀነው ነው።

ጠዋት መሐል ሜዳ ላይ ይጀመራል። ብርድ ስለሆነ መጀመሪያ ትኩስ ቅንጬ፣ ከዚያ ቡና። ቡናው ከቆሎ ጋር ነው፤ እዚያው ምጣድ ላይ ሲቆላ እየታየ። እንግዳው እጁን ዘርግቶ ከምጣዱ ትኩሱን ያፍሳል፤ ይቃጠላል፣ ይሳቃል።

ሁለተኛው ቤት በሶ ነው። አንዷ እናት ከሙቀጫው እስከ ወንፊቱ ታሳያለች፤ እንግዳው ራሱ ይሸከሽካል። አምስት ደቂቃ ከሸከሸከ በኋላ በሶ ለምን ውድ እንደሆነ ማንም አያስረዳውም፤ ክንዱ ያስረዳዋል።

ሦስተኛው ምሳ ነው። የፆም ቀን ከሆነ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ በጎመን፣ ከስልጆ ጋር። ስልጆ የማታውቁ ካላችሁ፦ ከባቄላ ዱቄት የሚሠራ፣ ሰናፍጭ የሚገባበት፣ ቦክቶ የሚበላ የፆም ምግብ ነው፤ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። የፍስክ ቀን ከሆነ የመንዝ በግ። ይህ በግ ላቱ የታወቀ ነው፤ ፀጉሩ ደግሞ ተፈትሎ ባና ይሆናል። ማታ የምትለብሱት ባና ቀን ከበላችሁት በግ ወገን ነው ማለት ነው።

አራተኛው የጠላ ቤት ነው፤ ከላይ ያየናቸው ሦስት ብርጭቆዎች። በትንሹ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ከማብራሪያ ጋር።

አምስተኛው ጓሳ ላይ ነው፤ ምግብ የለውም። ሣሩ ላይ ቆሞ ከእግር በታች ያለውን ማየት ነው። ይህንን ለምን እንዳስገባነው ቀጥሎ ትረዱታላችሁ።

ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው ወደ መርሐቤቴ ይውረድ። ዓለም ከተማ አካባቢ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ ጤፍና ማሽላ ይመጣል። ጠላውም በሌላ እህል ይጠመቃል። የደጋው ጠላና የቆላው ጠላ ጎን ለጎን ሲቀመሱ ካርታ የማያሳየው ልዩነት ብርጭቆ ውስጥ ይታያል።

*ገንዘቡ የት ይገባል?*

እውነቱን እንነጋገር። ጠላ የሚጠምቁት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ጋን ነው። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ እንጨት፣ ውሃ መቅዳት፣ መቁላት፣ ማስፈጨት። ዋጋው ግን በጣሳ ሲሸጥ ጥቂት ብር ነው። በዚያ ላይ ጠላ ሻጭ የሚለው ስም ራሱ እንደ ስድብ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

አሁን ሁለት ዓይነት ጉብኝት አስቡ። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው።

ስምንት እንግዶች እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ከፈሉ እንበል፤ በድምሩ 12,000 ብር። በመጀመሪያው ዓይነት አዘጋጁ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ እንግዶቹን ጠላ ቤት ያስገባል፣ ስምንት ጣሳ ያዝዛል፣ የስምንት ጣሳ ሒሳብ ይከፍላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። እሷ ያገኘችው የተለመደውን የጣሳ ዋጋ ነው። ታሪኳን፣ እጇን፣ ቤቷን ግን ሌላ ሰው ሸጦታል።

በሁለተኛው ዓይነት እሷ አስተናጋጅና አስተማሪ ናት። አምስቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው 1,200 ብር ያገኛሉ፤ 6,000 ሆነ። የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ 2,000 ያገኛል። ለማኅበረሰቡ 1,200 ይቀመጣል። አዘጋጁ 2,800 ይዞ ይሄዳል። ያው 12,000 ነው፤ የተለወጠው ክፍፍሉ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከደግነት አይደለም፤ ከደንብ ነው። ማን ስንት እንደሚያገኝ ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ሁሌም መኪናና ስልክ ያለው ሰው ያሸንፋል።

*ደንብ ከመንዝ እንማር*

ጓሳን ለዚህ ነው ያስገባነው።

ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሣር ለበስ ደጋ ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ከብት ይመገባል። ሁሉም እንደፈለገ ቢያጭደው በጥቂት ዓመት ያልቅ ነበር። አላለቀም። ለምን? ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ የቄሮ ሥርዓት የሚባል ደንብ ስለነበረ ነው (በዜና ከምታውቁት ቃል ጋር አታምታቱት፤ ይሄ ሌላ ነው)። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሜዳውን ተካፍለው፣ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ መርጠው ይጠብቁት ነበር። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፣ ሁሉም በተራው ያጭዳል፣ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። የጣሰ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ፤ ዛሬ ቦታው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ይባላል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ የሚታዩት በዚያ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለመንዝ ሰው «የጋራ ነገርን በደንብ ተካፈሉ» ብሎ የሚያስተምር ሰው አያስፈልግም። ሣርን ለ400 ዓመት ያህል በተራ የተካፈለ አገር፣ እንግዳን በተራ መካፈል አያቅተውም። ዛሬ እንግዳው የእነ እትዬ እገሌ ቤት ከሄደ በሚቀጥለው ሌላው ቤት። በወር ስንት ቡድን ይመጣል? በቡድን ስንት ሰው? መቼስ ይዘጋል? በዓልና ለቅሶ ሲኖር፣ መኸር ሲሰበሰብ በሩ ዝግ ይሁን።

ይህ ቅንጦት አይደለም። ባርሴሎና ውስጥ ቦኬሪያ የሚባል የታወቀ ገበያ አለ። ጎብኚ ከመብዛቱ የተነሳ የሰፈሩ ሰው ዓሣና አትክልት መግዛት አቃተው፤ ሁሉም ይቀምሳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የሚገዛ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከተማዋ ከ15 ሰው በላይ የሆኑ ቡድኖች ዓርብና ቅዳሜ በሥራ ሰዓት እንዳይገቡ ከለከለች። እነሱ ደንቡን ያወጡት ከተጨናነቁ በኋላ ነው። እኛ ቀድመን ማውጣት እንችላለን።

*እንቅፋቶቹ*

አሳምረን ብቻ አንተወውም።

ትልቁ ሰላም ነው። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ሳያገግም፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ጊዜው ቢያልፍም ግጭቱ አብሮት አላለፈም። ስለዚህ «ነገ ተነሱና ሂዱ» አንልም። የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ሳትጠይቁ እንዳትሞክሩት። አስጎብኚነት የጀመሩ ወጣቶች ሥራ መፍታት፣ ሎጅ ባዶ መሆን የጦርነት ሌላው ዋጋ ነው፤ በቁጥር አይነገርም እንጂ።

ሁለተኛው በልግ ነው። የደጋው ብዙ ቦታ የበልግ ዝናብ ይጠብቃል። በልግ ከቀረ ለራስ የሚበላ ገብስ ይጠፋል። የተራበ ቤት እንግዳ አስቀምስ አይባልም። ለዚህ ነው የማኅበረሰብ ተቀማጭ ያልነው፤ ለክፉ ቀን።

ሦስተኛው ጤና ነው። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ፣ ዕቃው ካልታጠበ ጠላ ሆድ ያሳምማል። አረቄ ደግሞ ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በአግባቡ ያልወጣ፣ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት አረቄ ዓይን ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። ምንጩን ካላወቃችሁ አትቅመሱ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው። ለነሱ ቀሪቦና ብርዝ አለ፤ በሶም አለ። ሹፌሩም ቀሪቦ ነው የሚጠጣው፤ የጣርማ በርን ገደል ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል።

አራተኛው ፆም ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይፆማል። ለአዘጋጅ ይህ ራስ ምታት ሊመስል ይችላል፤ በትክክል ከታየ ግን ጥቅም ነው። ሥጋና ወተት የማይበላ ጎብኚ በዓለም ላይ እየበዛ ነው፤ የፆም ገበታ ለሱ የተዘጋጀ ያህል ነው። ሰዓቱን ማክበር ብቻ ነው፤ እስከ ቅዳሴ የሚፆም ቤት ውስጥ ጠዋት ገብቶ «አብሳዮቹም ቅመሱ» አይባልም።

*እስከዚያው ምን እናድርግ?*

መንገዱ እስኪከፈት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። የቅምሻ ጉብኝት ከመኪና በፊት እውቀት ይፈልጋል፣ እውቀቱ ደግሞ በእድሜ የገፉ እናቶች ዘንድ ነው ያለው። ብዙዎቻችን ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ የመጡ አያቶች አሉን፤ አንዳንዶቹ እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። ጠላ ግን ከግሮሰሪ ቢራ ሆኖልናል፣ በሶ ከሱፐርማርኬት በላስቲክ።

ስልካችሁን አውጡና ጠይቋቸው። ጌሾው ስንት ቀን ይቆያል? አሻሮው እስከምን ይጠቁር? ጋኑ በምን እንጨት ይታጠን? ለበሶ የትኛው ገብስ ነው? እሜቴ «እንዲህ ነው ልጄ» ሲሉ ቅዱት። መለኪያቸው «እፍኝ» ከሆነ እፍኙን በሚዛን ለኩት። የገብሱን ስም ጻፉት፤ የአንዳንዱ ስም እኛ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለም።

አካባቢው ላይ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ከአምስት ቤት ጋር ብቻ ተነጋገሩ። የጽዳቱን፣ የተራውን፣ የክፍያውን ነገር አሁን ጻፉት፣ አስፈርሙት። እንግዳ ሲመጣ ደንቡ ቀድሞ ይጠብቀው።

ከዚያ አንድ ቀን መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ የሚነሳ መኪና ላይ ፓስታ አይጫንም። ባዶ ሆድ ነው የሚጫነው።